«ልጄ ታሚል ሆኖ ያድጋል ወይ?» እያለ ለሚጨነቅ አባትና ለሐበሻዋ ባለቤቱ

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ሰላም ዶክተር። የምኖረው ሕንድ፣ ቼናይ ነው። ለትምህርት መጥቼ እዚሁ ትዳር ያዝኩ። ባለቤቴ ታሚል ነው። ወንድ ልጃችን 2 ዓመት ከ3 ወር ሆኖታል። እኔ በአማርኛ አወራዋለሁ፣ አማቴ በታሚል፣ ባለቤቴ ደግሞ በእንግሊዝኛ። ልጁ የሚላቸው ቃላት ቢቆጠሩ ሃያ አይሞሉም። ሁለት ቃል አገጣጥሞ አያውቅም። የምንለውን ግን የሚረዳ ይመስለኛል፤ በጣቱም ያሳያል። ልናስገባው ያሰብንበት መዋዕለ ሕፃናት ‹ሦስት ቋንቋ አደናግሮት ነው፣ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ ተናገሩ› አለን። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ እንቅልፍ የለውም። ልጁ ከተኛ በኋላ ‹ታሚልነቱ ከየት ይመጣል? እኔስ ምን ዓይነት አባት ነኝ?› ይላል። የእናቱ ኩልና ዘይት፣ የጆሮ መብሳቱ ሥርዓት፣ ልጁ ስልክ እያየ መብላቱ፣ ሁሉም ያስጨንቀዋል። አማርኛዬን ልተወው? ለእሱስ ምን ልበለው?»

እህቴ፣ አማርኛሽን አትተዪ። ባለቤትሽም እንግሊዝኛውን ትቶ ልጁን በታሚል ያውራው። ጎን ለጎን ደግሞ በዚህ ሳምንት የልጁን መስማት ለማስመርመር ቀጠሮ ያዙ። ሦስቱንም አብራችሁ አድርጉ፤ አንዱ ለሌላው ምትክ አይሆንም።

እኔ የሕፃናት እድገት ሐኪም ነኝ። ስፔሻሊቲዬን የተማርኩት እዚያው፣ ቼናይ ዋና ከተማው በሆነችበት በታሚል ናዱ ግዛት ስለሆነ የነገርሽኝ ቤት ለእኔ እንግዳ አይደለም። ባለቤትሽ ማታ ማታ የሚያነሳውን ሐሳብ እዚያ ከብዙ አባቶች ሰምቻለሁ። ቀለል አድርጌ አላየውም። እንዲህ የሚያስበው ልጁን በቁም ነገር የያዘ አባት ነው።

ከንግግሩ ልጀምር። ሦስት ቋንቋ የልጅን አፍ አያስርም። ታሚል ናዱ ውስጥ ራሱ ቤት ውስጥ ቴሉጉ ወይም ኡርዱ እየተናገሩ ደጅ ሲወጡ በታሚል የሚኖሩ ቤተሰቦች ሞልተዋል። እኛም አገር ከእናቱ ኦሮምኛ፣ ከጎረቤት አማርኛ እየሰማ ያላደገ ስንቱ ነው? እነዚህ ልጆች አፋቸውን የሚፈቱት እንደ ማንኛውም ልጅ በጊዜያቸው ነው። ልዩነቱ አንድ ነው። ቃላቸው በየቋንቋው ስለሚከፋፈል፣ በአንዱ ብቻ ከተቆጠረ ጥቂት ይመስላል። ስለዚህ ሁሉንም ደምሩለት። ውሃን አንዴ «ውሃ»፣ አንዴ «ታኒ» ካለ ሁለት ቃል ነው። ቁራ ባየ ቁጥር «ካካ» ካለ ይቆጠራል። ላምን ሁልጊዜ በድምጿ የሚጠራ ከሆነም ይቆጠራል።

ደምራችሁም ሃያ ካልሞላ ግን ዘግይቷል። ይህን ላለሳልስልሽ አልፈልግም። ልጆች 2 ዓመት ገደማ ላይ «ውሃ ስጪ»፣ «አባ ና» ማለት ይጀምራሉ። 2 ዓመት ተኩል ላይ ወደ 50 ቃል እንጠብቃለን። «ወንድ ልጅ ቆይቶ ነው አፉን የሚፈታው» የሚለውን በሁለቱም አገር ሰምቻለሁ። ወንዶች ትንሽ ዘግየት ማለታቸው እውነት ነው፤ የልጅሽ መዘግየት ግን በዚያ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። ከሚዘገዩት ልጆች ብዙዎቹ በኋላ እኩዮቻቸውን ይደርሳሉ። የትኛው ራሱ እንደሚደርስ፣ የትኛው እገዛ እንደሚፈልግ ግን ቀድመን መለየት አንችልም። ለዚህ ነው ቁጭ ብለን የማንጠብቀው።

መስማትን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ስሙን ሲጠሩት ዞር የሚል፣ በር ሲንኳኳ የሚሮጥ ልጅ ሙሉ በሙሉ ይሰማል ማለት አይደለም። ጉንፋን የሚመላለስበት ልጅ ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ ሊቋጥር ይችላል። ያኔ ድምፅ ይሰማል፣ ነገር ግን ቃል ይደበዝዝበታል። ሲወለድ ተመርምሮ ደህና ነው ቢባልም አሁን እንደገና ይታይ። ቼናይ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ቦታ አታጡም። ኤግሞር ያለው የመንግሥት የሕፃናት ሆስፒታል አለ። በባሕሩ ዳር መንገድ ሙቱካዱ የሚገኘው የአካል ጉዳተኞች ብሔራዊ ተቋምም የመስማትና የንግግር ባለሙያዎች አሉት። የንግግር ቴራፒስት ቀጠሮውንም የመስማቱን ውጤት ሳትጠብቁ ያዙ፣ ወረፋ ሊኖር ይችላል። ቴራፒስቱ «አንዱን ቋንቋ ጣሉ» ካላችሁ ሌላ ቴራፒስት ፈልጉ።

በጣቱ ማሳየቱ ደስ ብሎኛል። የወደደውን ነገር እያሳየ ዞር ብሎ ዓይናችሁን የሚያይ ከሆነ ትልቅ ነገር ነው። ይህን ለሐኪሙ ንገሩ። በአንጻሩ፣ ይላቸው የነበሩ ቃላት መጥፋት ከጀመሩ ቀን አትቁጠሩ፣ ቶሎ ሂዱ።

አሁን ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ምክር ልምጣ። እንዲህ የሚመክሩ መምህራን ክፋት የለባቸውም። ክፍል ውስጥ ልጁን ማስተናገድ ስለሚቀላቸው ነው። ምክሩ ግን ልክ አይደለም። ቼናይ ውስጥ እንግሊዝኛ ልጅ የሚያጣው ነገር አይደለም። ታሚል ናዱ ከ1968 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በትምህርት ቤቶቹ በሁለት ቋንቋ፣ በታሚልና በእንግሊዝኛ፣ ጸንቶ የኖረ ግዛት ነው። ከዚያ በፊት በ1965 ሂንዲ እንዳይጫንባቸው ሰው ሕይወቱን የከፈለበት ተቃውሞ አድርገዋል። ስለ ቋንቋው እንዲህ በሚቆረቆር ሕዝብ መካከል እንኳ ደህና ገቢ ያለው የከተማ ቤተሰብ ልጁን የሚልከው በእንግሊዝኛ ወደሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት ነው። እንግሊዝኛውን ከክፍሉ፣ ከማስታወቂያው፣ ከካርቱኑ፣ ከፎቁ ልጆች ያገኘዋል። እናንተም ባልና ሚስት የምትግባቡት በእንግሊዝኛ ከሆነ፣ ልጁ በየቀኑ እየሰማችሁ ነው።

አማርኛ ግን በዚያ ከተማ ለልጁ አንድ ምንጭ ብቻ አለው። እሱም አንቺ ነሽ። አንቺ ከተውሽው ማንም አይተካሽም። ከአያቱ ጋር በስልክ በሚያወራበት ቀን «ልጄ ምን አለ?» እያሉ አንቺን አስተርጓሚ ሲያደርጉሽ ያኔ ይቆጭሻል። በነገራችን ላይ ከአያት ጋር በቪዲዮ መነጋገርን ከስልክ ሱስ ጋር አትቁጠሪው። በወዲያ በኩል ያለው ሰው ስሙን ይጠራዋል፣ ይመልስለታል፣ ይስቅለታል። ካርቱን ይህን አያደርግም።

የባለቤትሽ እንግሊዝኛ ምን ይመስላል? ጥሩ እንደሚናገር አልጠራጠርም። ግን የተማረው በትምህርት ቤት፣ የሚኖርበትም በቢሮ ነው። በዚያ ቋንቋ ሕፃን ማባበል፣ ማሾፍ፣ መቆጣት፣ ማንጎራጎር የለመደ አይመስለኝም። አባቶች ከሁለት ዓመት ልጅ ጋር በተማሩት ቋንቋ ሲያወሩ ብዙ ጊዜ ንግግራቸው ይደርቃል። «ና»፣ «ተቀመጥ»፣ «ይህ ምንድን ነው?»፣ «ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?» ብቻ ይሆናል። ትእዛዝና ፈተና ማለት ነው። በታሚል ሲያወራው ግን የራሱ እናትና አያት ያወሩት የነበረው ሁሉ ሳያስበው ይመጣለታል። ልጁ የሚፈልገው ይህን ነው።

«የእኔም ታሚል የተበረዘ ነው» ሊልሽ ይችላል። በእንግሊዝኛ የተማሩ የቼናይ ወጣቶች ሁሉ ይሉታል። አረፍተ ነገሩ ታሚል፣ ግማሹ ቃል እንግሊዝኛ ነው። አያስጨንቀው። ልጅ ቋንቋ የሚይዘው ከሚሰማው ሕያው ንግግር ነው እንጂ ከጠራ ንግግር አይደለም። ታሚል በዚህ በኩል የተለየ ጠባይም አለው። የሚጻፈውና የሚነገረው በጣም ይራራቃሉ። ዜናው፣ ንግግሩ፣ መጽሐፉ በአንድ መልክ ነው፣ የቤቱና የገበያው ወሬ በሌላ መልክ። የሕፃናት ሥዕላዊ መጽሐፍ ሳይቀር ብዙው በጽሑፍ ታሚል ነው የሚዘጋጀው። ስለዚህ አባት ቃል በቃል ሲያነብ ልጁ ዓይኑን ከመጽሐፉ ያነሳል፣ አባትም «ልጄ መጽሐፍ አይወድም» ይላል። ጽሑፉን ይተወው። ሥዕሉን እያሳየ በቤት ወሬው ይተርክለት። ዝሆኑ ለምን እንደተኮሳተረ ከራሱ ፈጥሮ ይንገረው። የጽሑፉ ጊዜ በኋላ ይደርሳል። 247 ፊደል ነው የሚጠብቀው፣ የእኛን ፊደል ለቆጠርን ለእኔና ለአንቺ ብዙም አያስደነግጥም። መጽሐፍ ፍለጋ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። በ2010 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተው የኮቱርፑራሙ የአና መቶኛ ዓመት ቤተ መጻሕፍት ሰፊ የልጆች ክፍል አለው። ቅዳሜ ጠዋት አባትና ልጅ ብቻቸውን ይሂዱ።

ጊዜን በተመለከተ የነገርሽኝ ነገር የለም፤ መገመት ግን እችላለሁ። በቼናይ የሶፍትዌር መሥሪያ ቤቶች የተደረደሩበት የድሮው የማሃባሊፑራም መንገድ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ሰው ይበላል። አባት ቤቱ ሲደርስ ልጁ ወይ ተኝቷል፣ ወይ አባቱን ሲጠብቅ አምሽቶ ተነጫንጯል። በዚህ ዕድሜ ልጅ የቀኑን ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት አለበት። አባት እንዲያገኘው ብሎ እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ማቆየት ለንግግሩም ለጠባዩም አይበጅም። ጠዋቱን ይውሰደው። የታሚል ጠዋት ደግሞ ለሁለት ዓመት ልጅ የተሠራ ነው የምልሽ ከልቤ ነው። ደጃፉ ይጠረጋል፣ ውሃ ይረጫል፣ አያትየዋ ኮላም የሚሉትን የደጃፍ ጌጥ በሩዝ ዱቄት ይሥላሉ። ልጁም ጣቱን ዱቄት ውስጥ ይክተት፣ መስመሩን ቢያበላሸውም ይቻሉት። ቁርስ ከመቀመሱ በፊት ለቁራ ሩዝ በሚቀመጥበት ቤት ሳህኑን አባትና ልጅ አብረው ጣራው ላይ ይውሰዱት። ቁራው ሲመጣ አባትየው ያየውን ይናገር፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይጠብቅ። ይህ መጠበቅ ከሕክምናው አንዱ ክፍል ነው። ትልቅ ሰው ቸኩሎ ራሱ ጠይቆ ራሱ ይመልሳል። በልቡ እስከ አምስት ይቁጠርለት። ልጁ «ካካ» ካለ፣ አባት አንድ ቃል ይጨምርበት፦ ቁራ መጣ፣ ቁራ በላ፣ ቁራ ሄደ። «በል እስቲ ድገመው» አይበለው። ከታጠበና ከለበሰ በኋላ አባትየው ወደ ሥራው ይሂድ። ይህ ግማሽ ሰዓት በየቀኑ ከተደጋገመ፣ እሑድ አንድ ቀን ሙሉ ማሪና ባሕር ዳርቻ ከመዋል ይበልጥበታል።

ስለ ምግብ ትንሽ ረዘም ልበል፤ እዚህ ላይ ሁለት ችግር ነው ያለው።

የመጀመሪያው ስልኩ ነው። የታሚል እናቶች ልጅን የሚያጎርሱት እንደ እኛው በእጅ ነው። ሩዙን በምስርና በቅቤ ለውሰው፣ አድቦልቡለው፣ ጨረቃ እያሳዩ፣ እየዘፈኑ ያጎርሳሉ። ለጉርሻ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንብሽም። ጨረቃዋ በስልክ ስትተካ ግን ነገሩ ተለወጠ። ልጁ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ተተክሎ አፉን ይከፍታል እንጂ መራቡንም መጥገቡንም አይሰማውም። የሚያጎርሰውም ሰው አያወራውም። ይኸውልሽ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ለንግግር የሚሆን ምርጥ ሰዓት ይባክናል። የዓለም ጤና ድርጅት 2 ዓመት ለሞላው ልጅ በቀን ከ1 ሰዓት የማይበልጥ ስክሪን ይፈቅዳል፤ ሲያንስም ይሻላል ይላል። የሕንድ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም ከዚህ የተለየ አይመክርም። ከምግብ ሰዓት ፈጽሞ ይውጣ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ፣ ያለቅሳል፣ ትንሽ ይበላል። ቻሉት። መሬት ላይ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ በገዛ እጁ ይብላ፣ ይዝረክረክ። እናንተ ምን እንደሚበላና መቼ እንደሚበላ ወስኑ፣ ምን ያህል የሚለውን ለእሱ ተዉለት። ሳህን ይዞ በየክፍሉ ማሳደድም ይቅር።

ሁለተኛው የደም ማነስ ነው። ከ2019 እስከ 2021 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው የሕንድ ብሔራዊ የቤተሰብ ጤና ጥናት ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉ ልጆች 67 በመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው። ታሚል ናዱ ከአገሩ አማካይ ቢሻልም ከልጆቹ ከግማሽ በላዩ ደም ማነስ ነበረበት። ሩዝ በእርጎ ሆድ ያረጋጋል፣ በዚያ ሙቀት ይስማማል፣ አያቶችም ይወዱታል። ግን አይረን የለውም ማለት ይቻላል። በላዩ በጡጦ ወተት ሲጨመርበት ልጁ ወፍሮም ደም ማነስ ሊይዘው ይችላል። ደም ማነስ ደግሞ ልጅን ያደክማል፣ ትኩረቱን ይወስዳል፣ ለመማር ያለውን ጉልበት ይቀንሳል። ወተቱን በቀን ከግማሽ ሊትር አታሳልፉ፣ በኩባያ ይጠጣ። ሄሞግሎቢኑን አስለኩ። የሕንድ መንግሥት ለዚህ ዕድሜ ልጆች በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚሰጥ የአይረን ሽሮፕ አለው። መጠኑን ግን ሐኪም ይንገራችሁ።

መፍትሔው ወጥ ቤታችሁ ውስጥ አለ። ራጊ የሚሉት ዱቄት የእኛ ዳጉሳ ነው። ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተነሥቶ በጥንት ዘመን ሕንድ የገባ እህል ነው። አማትሽ ለልጁ የሚያበስሉት የራጊ ገንፎ የአንቺም አገር ምግብ ነው ማለት ነው። በ100 ግራም ከ300 ሚሊግራም በላይ ካልሲየም አለው። ሙሩንጋይ የሚሉት ቅጠልም የእኛ ሽፈራው ዘመድ ነው። ከምስር ጋር ይብሰል፣ ሲወጣ ሎሚ ይጨመቅበት። ሎሚው አይረኑ እንዲዋሃድ ያግዛል። ሥጋ በማይገባበት ቤት የምትኖሩ ከሆነ ቢያንስ እንቁላል ይፈቀድ እንደሆነ ባለቤትሽ እናቱን በዘዴ ይጠይቅ።

ስለ አማትሽ ልማዶች ሁሉንም በአንድ ዓይን አትዩአቸው። አንዳንዱ ይጎዳል፣ አንዳንዱ ምንም አይልም፣ አንዳንዱ ደግሞ ልጁን የሚያሳድግ ነው።

ዘይት ቀብቶ ማሸትና ማጠብ ጥሩ ነው። ልጅ ይወደዋል፣ አባትም ሊማረው ይገባል። በሰሊጥ ዘይት ሰውነቱን እያሹ እጅ፣ እግር፣ ሆድ እያሉ ማውራት ከየትኛውም የንግግር ልምምድ አያንስም። ዘይት አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ማንጠብጠብ ግን ይቁም። አፍንጫ ውስጥ የገባ ዘይት ሳንባ ወርዶ ክፉ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል። ቫሳምቡ የሚሉትን ሥር ለሆድ ቁርጠት ወይም «ምላሱ እንዲፈታ» ብለው ድንጋይ ላይ ፈጭተው ያልሱ ይሆናል። ውስጡ መርዛማ ንጥረ ነገር ስላለው በአፍ አይሰጥ። ኩሉም ከዓይኑ ይራቅ። ከገበያ የሚሸጡ አንዳንድ ኩሎች ሲመረመሩ ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት ተገኝቶባቸዋል። ሊድ ደግሞ የሚያጠቃው የልጅን አእምሮ ነው። ልጁ ለረጅም ጊዜ ኩል ሲቀባ ከቆየ የደም ሊድ ምርመራ እንዲታዘዝለት ጠይቁ። ከሰው ዓይን ይጠብቀዋል ብለው ጉንጩ ላይ ጥቁር ነጥብ ያደርጉለት ይሆናል፤ የእኛም እናቶች ቡዳ ፈርተው አንድ ነገር ያስሩልን ነበር። ነጥቡ ቤት ውስጥ በተሠራ ጥላሸት እግሩ መርገጫ ላይ ቢደረግ ማንንም አይጎዳም። ጨውና ሚጥሚጣ በዙሪያው አዙረው እሳት ላይ ሲጥሉም ጭሱ ልጁ ጋ እንዳይደርስ ብቻ ተጠንቀቁ። የሳሪ ጨርቅ አንጠልጥለው የሚሠሩት የሕፃን ማስተኛ ደግሞ ጊዜው አልፏል። በዚህ ዕድሜ ልጁ ራሱ ሊሽከረከርበትና አንገቱ ላይ ሊጠመጠምበት ይችላል፣ አውርዱት።

ይህን ሁሉ ለአማትሽ አንቺ አትናገሪ። ልጃቸው ይናገር። «ሐኪሙ እንዲህ ብሏል» ብሎ በአክብሮት፣ ሰው በሌለበት፣ የሚቀረውን ሲነግራቸው የሚቀጥለውንም አብሮ እየነገራቸው ይሁን። ዘይቱና ማሸቱ የእሳቸው፣ ተረቱ የእሳቸው፣ የራጊው ገንፎ የእሳቸው መሆኑ ይነገራቸው። ልጁን ቀኑን ሙሉ የሚያወሩት እሳቸው ናቸው። እሳቸውን ማስኮረፍ የታሚሉን ትልቅ ምንጭ ማድረቅ ነው።

ጆሮ መብሳቱን አልቃወምም። የልጁ ክትባት የተሟላ ይሁን፣ መሣሪያው ንጹሕ ይሁን፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ይጠበቅ፣ ከሕክምናው ወገን የምለው ይኸው ነው። ሌላ የምለው አለ። በታሚል ሥርዓት ልጁ ጆሮው የሚበሳው፣ ፀጉሩም በቤተሰቡ ቤተ መቅደስ የሚላጨው፣ በእናቱ ወንድም ጭን ላይ ተቀምጦ ነው። የእናት ወንድም በዚያ ባህል ትልቅ ሰው ነው። ስጦታ ይዞ ይመጣል፣ ያለ እሱ አይጀመርም። ባለቤትሽ ምናልባት ስለዚህ ይሆናል የተጨነቀው፤ አጎትየው ኢትዮጵያ ነዋ። ወንድም ካለሽ ጥሩት። ቲኬቱ ውድ ከሆነ አንድ ዓመት ቆጥቡለት፣ ጆሮ ቸኩሎ አያውቅም። ወንድም ከሌለሽ የአክስት ልጅ ይሁን፣ ወይም ቼናይ ያለ እንደ ወንድም የምታዪው ሐበሻ። ልጁ በሚታሰብበት ትልቅ ቀን የእናቱ ወገን ጭን ላይ መቀመጡ ለእሱም ለአማቶችሽም ብዙ ይናገራል። ታሚልነቱ ከየት ይመጣል ለሚለው ባለቤትሽም አንድ መልስ ነው፦ ሥርዓቱ ራሱ የእናትን ወገን ይፈልጋል።

ስሙንም አትጨነቁበት። ታሚሎች የቤተሰብ ስም አይዙም፣ የአባታቸውን ስም መነሻ ፊደል ከስማቸው ፊት ያደርጋሉ። እኛም የአባታችንን ስም ነው የምናስከትለው። የሚስማሙ ሁለት ልማዶች ናቸው። ፓስፖርት ላይ ብቻ ፊደሉን አሳጥራችሁ ሳይሆን የአባቱን ስም ሙሉውን አጽፉ፣ ኋላ ከወረቀት ጣጣ ትድናላችሁ።

«ምን ዓይነት አባት ነኝ?» ወደሚለው ልምጣ። የባለቤትሽ አባት ምናልባት በትውልዳቸው ልማድ ዳይፐር ቀይረው፣ ልጅ አጥበው አያውቁም። ከሥራ ሲመለሱ ቤቱ ጸጥ የሚልላቸው ዓይነት ሰው ይሆናሉ። ብዙ የታሚል ወንዶች ያደጉት እንዲህ ነው፤ የእኛም አባቶች ከዚህ ብዙ አይርቁም። ስለዚህ ሁለት ዓመት ልጅ እንዴት እንደሚያዝ ከአባቱ ያየው የለም። ሕጉም አያግዘውም። በሕንድ የማዕከላዊ መንግሥት ሠራተኛ አባት 15 ቀን የአባትነት ፈቃድ ያገኛል፣ የግል ድርጅት ግን በሕግ አይገደድም። እኛም አገር በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 (ዓ.ም.) የተሰጠው 3 ቀን ነው። አንድ አባት በዚህ ውስጥ ሆኖ ልጁን ሊያውቅ ሲታገል፣ መመስገን ነው ያለበት። ንገሪው።

አንድ ነገር ግን ይተው። ልጁ እንቢ ሲል «ፑቻንዲ መጣልህ» እያሉ ማስፈራራት በዚያ ቤት የተለመደ ይሆናል። እኛም «ጅቡ ይበላሃል» እንላለን። የሁለት ዓመት ልጅ ተረትና እውነት አይለይም። ለደቂቃ ዝም ይላል፣ ሌሊት ግን ይባንናል። መምታትም እንዲሁ። በተለይ አፉን ያልፈታ ልጅ የሚጮኸውና የሚንፈራፈረው ብዙውን ጊዜ መናገር ስላቃተው ነው። አባት ቁጭ ብሎ ከዓይኑ ትይዩ ሆኖ ልጁ ሊለው የፈለገውን በሁለት ቃል ይበልለት፦ «ኳስ ፈልገሃል»፣ «ተናደሃል»። እንቢ የሚባለውን እንቢ ይበል፣ ድምፁን ሳያነሳ። ቃል ሲመጣ ጩኸቱ ይቀንሳል።

ለቀጠሮው እንዲህ ተዘጋጁ። ሦስታችሁም፣ አንቺ፣ ባለቤትሽና አማትሽ፣ ልጁ የሚላቸውን ቃላት በየራሳችሁ ጻፉ። ምን ሲያይ እንደሚል ጨምሩበት። ከዚያ አንድ ላይ አድርጉት። እየተጫወተና እየበላ ጥቂት ደቂቃ በስልክ ቅረጹት፣ ቢሮ ውስጥ ሁሉም ልጅ ዝም ስለሚል ለባለሙያው ይጠቅመዋል። ከዚህ በፊት የታመመውን ጆሮ፣ የወሰደውን መድኃኒት፣ ሲወለድ የነበረውን ሁኔታ ያዙ። ምርመራው ላይ ባለቤትሽም ይገኝ፣ ፈቃድ ይጠይቅ። ውጤቱ ሲወጣ ጻፊልኝ። መስማቱ ደህና ከሆነ ለሚቀጥሉት ወራት ቤት ውስጥ ምን እንደምትሠሩ እነግርሻለሁ፤ ፈሳሽ ከተገኘም የጆሮ ሐኪሙ ያላችሁን ጻፊልኝና አብረን እናየዋለን።